በሊጥ የተደፈነ ማርሚታ

እኔ «ነገ» የሚባለውን ቃል በጣም የምወድ ሰው ነበርኩ። ጥርስህን ታከም ስባል ነገ፣ የተቀደደ ጃኬትህን አሰፋ ስባል የሚቀጥለው ሳምንት። ዕድሜዬ ሠላሳ አንድ ሞልቶ ነበር። ሥራዬ በሞተር ዕቃ ማድረስ ነው፤ ንብረት ከተባለ ያለኝ አንድ ጥቁር ሄልሜትና አንዲት ያረጀች ሞተር ብቻ ነው። የምኖረው ከልደታ ኮንዶሚኒየም ጀርባ፣ እትዬ ብርቄ የሚባሉ አረቄ አውጥተው የሚሸጡ ሴትዮ ግቢ ውስጥ በተከራየኋት አንድ ክፍል ነበር።

የምወዳት ልጅ ሰናይት ትባላለች። ሜክሲኮ አካባቢ አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ ትሠራለች፤ የምትኖረው ደግሞ ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከወላጆቿ ጋር ነው። ከተዋወቅን ከሁለት ዓመት በኋላ እንጋባ ተባባልን። ችግራችን አባቷ አቶ ዘርጋ ነበሩ። እኔን አያውቁኝም፤ ሞተሬን ግን አሳምረው ያውቋታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወደ ሥራ ስወጣ በሕንፃቸው ሥር አልፍና ነዳጅ ሁለት ጊዜ ሰጠት አደርጋለሁ። ለሰናይት «እንደምን አደርሽ» ማለቴ ነው። በዚህ መሀል ማርሚታው፣ ማለትም የሞተሯ ጭስ ማውጫ ቧንቧ፣ በዝገት ተበሳ። መጀመሪያ ትንሽ ትንፍ ትንፍ ይል ነበር። በሦስት ወር ውስጥ ግን ሰላምታዬ አራት ሕንፃ ሙሉ የሚቀሰቅስ ሆነ። አቶ ዘርጋ የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። ደረጃው መግቢያ ላይ በእጃቸው ጽፈው ለጠፉ፦ «በየማለዳው ነዋሪውን የሚያውከውን ባለ ጥቁር ሄልሜት ሞተረኛ የሚያውቅ ለኮሚቴው ይጠቁም።» ሰናይት ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ሁለታችንም በሳቅ ሞትን። ማርሚታውን ግን አላሠራሁም፤ ነገ ነዋ!

ሽማግሌ የሚላክበት እሑድ ተቆረጠ፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት። አንዱ ሽማግሌ አጎቴ ነው፣ ሁለተኛው የመሥሪያ ቤት አለቃዬ። ዋናው ሰው ግን ሦስተኛው፣ ጋሽ ደግፌ ናቸው። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ከአቶ ዘርጋ ጋር ሃያ ዓመት ጎረቤት የነበሩ፣ እሳቸው የተናገሩትን አቶ ዘርጋ በቀላሉ እምቢ የማይሉ ሽማግሌ። ሰናይት አስቀድማ አስጠንቅቃኛለች፦ «ጋሽ ደግፌ ከሌሉበት አባባ በሩንም አይከፍትላቸውም።» ሽማግሌዎቹን የሚሉትን ያስጠናኋቸው እኔው ነኝ። «ልጃችን ጸጥተኛ ነው፤ ድምፁ የማይሰማ ልጅ ነው» በሉልኝ አልኳቸው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ዕቃ አድርሼ ስመለስ፣ ማርሚታው ከመታጠፊያው ላይ ጣት በሚያስገባ ስፋት ተቀደደ። ድምፁን ምን ብዬ ልንገራችሁ! መንገድ ዳር የቆመ ፈረስ ጋሪውን ይዞ ሊሮጥ ምንም አልቀረውም። በቀጥታ ወደ በያጁ ሄድኩ።

«ጀለስ፣ መብራት የለም» አለኝ፣ ቁጭ ብሎ ለውዝ እየበላ። «ከመጣ ሰኞ እበይድልሃለሁ።»

«ነገ ሽማግሌ ልልክ ነው እኮ!»

«ታዲያ ሽማግሌ ላክ እንጂ ሞተር ላክ ማን አለህ?»

እውነቱን ነው። ግን የኮንዶሚኒየሙ ግቢ ለውኃ ቧንቧ ተብሎ ከዳር እስከ ዳር ተቆፍሯል፤ መኪና አይገባም። በቦዩ ላይ በተጋደመው ሳንቃ የሚያልፈው እግረኛና ሞተር ብቻ ነው። ከበሩ እስከ እነሰናይት ሕንፃ ደግሞ ሩቅ ነው፤ ጋሽ ደግፌ በቅርቡ ጉልበታቸውን ታክመው በከዘራ ከቤት እስከ ደጅ ነው የሚሄዱት። ሞተር ያለው ጓደኛዬ ከከተማ ወጥቷል። እርግጥ ሙሽራ ሽማግሌ ተከትሎ አይሄድም፤ ነውር ነው። ግን ሄልሜት ውስጥ ማን ያየኛል ብዬ፣ ጋሽ ደግፌን በሞተር እስከ ደረጃው አድርሼ ልሰወር ቃል ገብቼ ነበር።

እሑድ በማለዳ እጅጌዬን ሰብስቤ ሥራ ጀመርኩ። የለስላሳ ቆርቆሮ በመቀስ ሰንጥቄ፣ ቧንቧው ላይ ጠቅልዬ፣ በሽቦ አሠርኩና በፒንሳ ጠመዘዝኩት። አስነሣሁት። ጩኸቱ በግማሽ ቀነሰ፤ ግን በቆርቆሮው ጠርዝ በኩል እየተንፈሰፈሰ ግቢውን በጭስ ሞላው።

እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ይዘው ወጡ። «ምንድነው እሱ? አረቄዬን ጭስ ጭስ ልታሰኝብኝ ነው?»

«ማርሚታው ተቀዶ ነው እትዬ። በዳር በዳር እየወጣ አስቸገረኝ።»

ጎንበስ ብለው አዩት። እትዬ ብርቄ አረቄ ሲያወጡ እንፋሎቱ እንዳያመልጥ የጋኑን አፍና መቃው የሚገባበትን ቦታ ዙሪያውን በሊጥ ይደፍኑታል። ሠላሳ ዓመት የሠሩበት ጥበብ ነው፤ አንዲት ጠብታ አምልጣቸው አታውቅም።

«ይሄማ ምን ያስቸግራል!» አሉኝ። «እንፋሎት የሚይዝ ሊጥ ጭስ ያቅተዋል እንዴ?»

«ሊጥ እሳት ይችላል?»

«ታዲያ ጋኔ ምን ላይ ነው የሚጣደው፣ በረዶ ላይ?»

ዱቄት በጨውና በአመድ አሽተው አመጡ። ቆርቆሮውን ፈታሁት፤ ቅዳዱ ላይ ሊጡን እንደ ፋሻ አለበሱት፤ እኔ በላዩ ሁለት ቆርቆሮ ጠቅልዬ በሽቦ አሠርኩት። ሞተሯን ሳስነሣት ድምፅዋ የልብስ ስፌት መኪና ሆነ። እትዬ ብርቄ እልል አሉ። እኔም ዘልዬ እጃቸውን ሳምኩ።

ተክለ ሃይማኖት ስደርስ ጋሽ ደግፌ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው በር ላይ ቆመዋል። ቅዳሴ አስቀድሰው ስለመጡ እህል አልቀመሱም። በስንት መከራ ኋላ ወንበር ላይ አወጣኋቸውና ከዘራቸውን እንደ ጦር ይዘው ጉዞ ጀመርን። ብዙም ሳንርቅ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«ያሬድ፣ እዚህ አካባቢ ዳቦ ቤት ተከፍቷል?»

«አላየሁም ጋሼ።»

ትንሽ እንደሄድን ደግሞ፣ «ዳቦው ተከተለን እኮ!» አሉኝ።

እኔንም ሸተተኝ። ሊጡ እየበሰለ ነበር። ያውም ጨው ያለው፣ ደህና አድርጎ የታሸ። ሁለት የሰፈር ውሾች ከኋላችን ተነሡ፤ ጋሽ ደግፌ በከዘራቸው እየመከቱ፣ «ሂድ! ሂድ! ሽማግሌ አይነከስም!» እያሉ ልደታ ደረስን።

የግቢው በር ላይ ሞተሩን አጠፋሁ። «ከዚህ እየገፋሁ ባስገባዎት ይሻላል ጋሼ። ድምፅ እንዳይሰማ።»

«ምን አልክ?» አሉ ቆጣ ብለው። «ልጅ ልጠይቅ የመጣሁ ሽማግሌ እንደተበላሸ ታክሲ እየተገፋሁ ልግባ? ለዚህ ጋብቻ እንዲህ ያለ ገድ ትፈልግለታለህ? አስነሣ!»

አስነሣሁ። ሳንቃውን ተሻገርን፤ ድምፃችን አይሰማም። ሁለተኛውን ሕንፃ አለፍን፤ አይሰማም። አቶ ዘርጋ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ደረጃው መግቢያ ላይ ቆመዋል። አጎቴና አለቃዬ ቀድመው ወደ ላይ ወጥተዋል፤ እሳቸው የድሮ ጎረቤታቸውን ሊቀበሉ ነው የወረዱት። አምስት ሜትር ቀረኝ። ሦስት ሜትር። በልቤ እትዬ ብርቄን እየመረቅኩ ፍሬን ያዝኩ።

ጧ!

ሊጡ ከነቆርቆሮው ተፈነቀለ። የተቃጠለ ዳቦ ቁራጭ ተስፈንጥሮ ከአቶ ዘርጋ ጫማ ሥር ወደቀ፤ ከኋላው ያ የሦስት ወር ጩኸት ሙሉ በሙሉ ተለቀቀ። ሕፃናት በመስኮት ብቅ አሉ። ጋሽ ደግፌ ባርኔጣቸው አፍንጫቸው ላይ ወርዶ፣ «በስመ አብ!» ይላሉ። ሞተሩን አጠፋሁት፤ ግን ምን ዋጋ አለው።

አቶ ዘርጋ ቀስ ብለው መጡ። ሄልሜቴን አዩ፣ ሞተሯን አዩ። «አንተ ነህ» አሉ፣ ለብዙ ጊዜ የጠፋ ዘመዱን እንዳገኘ ሰው።

ጋሽ ደግፌ እንደምንም ወርደው፣ «የመንገድ ሞተረኛ ነው ዘርጋ፤ ከተክለ ሃይማኖት ነው የያዝኩት፤ ይሂድ ልቀቀው» አሉ። ያን ሁሉ ዕድሜ የጠበቁትን እውነተኝነት ለእኔ ሲሉ ጣሉት።

«እርስዎ ይግቡ ጋሽ ደግፌ። ደርሻለሁ። እኔ ከዚህ ሰው ጋር አጭር ጉዳይ አለኝ» አሉና ቁልፌን ከሞተሯ ላይ ነቅለው ኪሳቸው ከተቱት።

ጋሽ ደግፌ ደረጃውን በከዘራቸው እየተንጠላጠሉ ወጡ። እኔ ሄልሜቴን እንዳጠለቅኩ፣ አማቴ ይሆናሉ ብዬ ካሰብኳቸው ሰው ጋር ብቻዬን ቀረሁ። ሊሰድቡኝ ነው ስል የወደቀውን ዳቦ አንስተው አሸተቱት።

«ሊጥ ነው?»

«አዎ አባባ።»

«ማርሚታ ላይ? ማን ነው የመከረህ?»

«አከራዬ ናቸው። አረቄ ያወጣሉ።»

የሚገርማችሁ፣ አቶ ዘርጋ ሳቁ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ቅዳዱን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። ለካ ሰውየው ዕድሜያቸውን ሙሉ ከዘይት ቆርቆሮ ምድጃና ማንቆርቆሪያ ሲሠሩ የኖሩ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ እጃቸው ሥራ ናፍቆታል። ሰናይት ነግራኝ ነበር፤ በዚያች ደቂቃ ግን ስሜንም አላስታውስም።

«ዛሬ ይሄ ጩኸት ያበቃል» አሉና ከደረጃው ሥር ካለው ዕቃ ማስቀመጫቸው የዘይት ቆርቆሮ፣ ትልቅ መቀስ፣ ሽቦ፣ ፒንሳና ከአሮጌ ምድጃ የተረፈ እሳት የማይበላው ጨርቅ አመጡ። የነጭ ሸሚዛቸውን እጅጌ ጠቀለሉ። «ትኩስ ብረት አይታሰርም። እስኪቀዘቅዝ እንጠብቃለን።»

ጠበቅን። በዚህ መሀል ሰናይት በረንዳ ላይ ወጣች። «አባባ! ሽማግሌዎቹ ቆመዋል እኮ!»

«ተቀመጡ በያቸው!»

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ይላሉ!»

ወጉ ነው፤ ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ የመጣበት ሳይሰማለት አይቀመጥም። ሰናይት ይህን ስትል እኔን አየችኝ። አፏን በእጇ ይዛ ወደ ውስጥ ገባች። እኔ ያሰብኩት የጋሽ ደግፌን ጉልበት ነው።

አቶ ዘርጋ ግን ሥራ ላይ ናቸው። «ያዝልኝ እዚህ ጋ። አጥብቀህ። ልጄን ሊጠይቁ ነው የመጡት» አሉኝ ቆርቆሮውን እየቆረጡ። «ልጁ ምን ይሠራል ብዬ ባስጠይቅ 'በትራንስፖርት ዘርፍ ነው' አሉኝ። ሚኒስትር ይሁን ረዳት ማን ያውቃል?»

«አይታወቅም አባባ።»

«ድምፁ አይሰማም አሉኝ ደግሞ። እኔ የሚያስፈራኝ ድምፁ የማይሰማው ነው። አንተ ቢያንስ ስትመጣ ትታወቃለህ።» ጨርቁን ቅዳዱ ላይ ጠቀለሉ፤ በላዩ ቆርቆሮውን ጠርዙን አጥፈው አለበሱት። «ሄልሜትህን አውልቀው እንጂ፣ ላብ ገደለህ።»

«ጉንፋን ይዞኝ ነው።»

«በዚህ ሙቀት?»

ሰናይት ተመልሳ ወጣች። ድምፅዋ አሁን የለቅሶ ነው። «አባባ፣ ጋሽ ደግፌ ግድግዳ ተደግፈዋል! እማዬ ብትለምናቸውም እምቢ አሉ!»

«መጣሁ፣ መጣሁ! ሽቦ ሳይታሠር አይተውም።» የመጨረሻውን ሽቦ ጠመዘዙ፣ ጫፉን አጠፉ፣ ቁልፌን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። «አስነሣ።»

አስነሣሁት። ከራሴ ትንፋሽ በላይ አይሰማም። አቶ ዘርጋ ጆሯቸውን አቅርበው አዳመጡና ፊታቸው በራ። «ጊዜያዊ ነው። ግን ይይዛል። በል ሂድ፤ ሁለተኛ እንዳልሰማህ።»

እስቲ አስቡት። ቁልፌ በእጄ ነው። ፊቴን አላዩትም። ብሄድ ሽማግሌዎቹ ያጠኑትን ይናገራሉ፤ ያ ሞተረኛ ለዘላለም ይጠፋል። ግማሽ አካሌ ሄዷል ማለት ይቻላል። ግን አንድ ሽማግሌ በእኔ ምክንያት ውሸት ተናግረው፣ በታመመ ጉልበታቸው ላይ ቆመዋል። ደግሞም ይህን ሰው አሁን ካታለልኳቸው ዕድሜ ልኬን ፊታቸው መቀመጥ አልችልም። ፈራሁ፤ በጣም ፈራሁ። ሞተሩን አጠፋሁና ሄልሜቱን አወለቅኩ።

«አባባ፣ ልጁ እኔ ነኝ።»

«የምን ልጅ?»

«የትራንስፖርት ዘርፉ።»

ፒንሳውን እንደያዙ አዩኝ፤ ከዚያ ቀና ብለው በረንዳውን አዩ፤ ሰናይት እዚያ ቆማለች። እንደገና እኔን አዩኝ።

«በየማለዳው ሁለት ጊዜ የምታስጮኸው… ለእሷ ነው?»

«አዎ።»

«እኔ ደግሞ ኮሚቴውን መናቅህ መስሎኝ!» አሉ። ተቆጥተው ይሁን ደንግጠው መለየት አልቻልኩም። «ሙሽራ ሽማግሌ ባለበት አይቆምም። ሂድና ከሕንፃው ጀርባ ጠብቃቸው።» ዳቦውን ይዘው ደረጃውን ወጡ።

ላይ የሆነውን ጋሽ ደግፌ ናቸው የነገሩኝ። አጎቴ ገና «ልጃችን ጸጥተኛ…» ብሎ ሲጀምር አቶ ዘርጋ ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። አለቃዬ፣ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ቢላቸው፣ «ጉዳያችሁንማ ሦስት ወር በየማለዳው ስሰማው ከርሜያለሁ። ተቀመጡ!» አሉ። ሁሉም ተቀመጡ። መልሳቸው ግን አጭር ነበር፦ «ቅዳሜ ተመለሱ። ያሠርኩለት ሽቦ እስከ ቅዳሜ ከያዘ እንነጋገራለን።»

ጋሽ ደግፌ ሲወርዱ ሞተሩን ላስነሣ ስል እጄን ያዙ። «አሁን ግፋኝ» አሉ። «ስንወጣ ወግ የለውም።» ግቢውን ሙሉ እየገፋሁ አወጣኋቸው።

ሰኞ መብራት መጣ። በያጁ ደወለ፦ «አምጣት፣ በአሥር ደቂቃ እጨርሳታለሁ።» ምራቄን ዋጥኩ። ከተበየደ ቅዳሜም የሚቀጥለው ዓመትም አይላላም። ለሰናይት ነገርኳት።

«ካስበየድከው የያዘው ሽቦው አይደለም» አለችኝ። «እንደፈለግህ አድርግ፤ ግን አባባ ሲጠይቀኝ አልዋሽም።»

ተውኩት። ሐሙስ ማታ ሥራ ጨርሼ ስመለስ ከሥሬ ትንፍ ትንፍ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሽቦው ላልቷል። ፒንሳ አለኝ፤ ጥግ ይዤ ባጠብቀው ማንም አያውቅም። የድሮው ያሬድ ቢሆን ቅዳሜ እስኪያልፍ በቆርቆሮ ይሸፍነዋል። እኔ ግን ሞተሯን እየገፋሁ ሄድኩና ሦስተኛ ፎቅ ወጥቼ በሩን አንኳኳሁ። አቶ ዘርጋ በሹራብና በነጠላ ጫማ ወጡ።

«ምን ሆነ?»

«ሽቦው ላላ አባባ።» ነገሬ ሁሉ እዚያው ያለቀ መስሎኝ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

እዚህ ላይ ለእናንተ አንድ ነገር ልበል። ያቺ ደረጃ ሕይወቴን ቀይራዋለች። እስከዚያ ቀን የተበላሸ ነገሬን ሁሉ፣ በሥራም በፍቅርም፣ ሰው እንዳያይብኝ ስጠቀልል ነው የኖርኩት። የሚፈነዳውም ሁልጊዜ ሰው ፊት ነበር። ላልቷል ብሎ መናገር በጣም ያሳፍራል፤ አልዋሻችሁም፣ ዛሬም ያሳፍረኛል። ግን እንደዚያ ቀን ቀሎኝ አያውቅም። ከዚያ ወዲህ የሚላላ ነገር ሲኖረኝ፣ ሳይፈነዳ ሄጄ በር አንኳኳለሁ።

አቶ ዘርጋ ምንም ሳይሉ ፒንሳቸውን ይዘው ወረዱ። አንድ ጊዜ ተኩል ጠመዘዙት። ከዚያ ፒንሳውን እጄ ላይ አስቀመጡና ሌላኛውን ሽቦ አሳዩኝ፤ እኔ ጠመዘዝኩ፣ እሳቸው አዩ።

«ብረት ሲሞቅ ይሰፋል፤ ሽቦው ይላላል» አሉ። «እኔ ረቡዕ ነበር የጠበቅኩህ።»

እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው ወደ ደረጃው ሄዱ። ሁለት ደረጃ እንደወጡ ዞር አሉ።

«ቅዳሜ ጋሽ ደግፌን ቁርስ ሳይበሉ ይምጡ በላቸው።»

ልጅ ያልተሰጠው ሽማግሌ በዚያ ቤት ውኃ እንኳ አይቀምስም። እኔ ይህን እስካስታውስ አቶ ዘርጋ ገብተው በሩን ዘግተው ነበር፤ ከላይ ከበረንዳው ሰናይት ስትስቅ ሰማኋት።